እማ ያስሚን የጠለፈችበት ክረምት

ባለፈው ወር የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ አዲስ አቡጀዲ ከጥቅሉ ፈትቶ ዘረጋና ላብ ባረጠበው መዳፉ ዳበሰው። ወዲያው ሽታው መጣ። ያልታጠበ አቡጀዲ ሲረጥብ የሩዝ ውሃ የመሰለ ሽታ አለው። ባለሱቁ ስንት ሜትር እንደምፈልግ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ዞሬ በሩ ተዘግቶ እንደሆነ እያየሁ ነበር። የሱቅ በር በሥራ ሰዓት እንደማይዘጋ አጥቼው አይደለም። ዘጠኝ ዓመቴ በነበረበት ክረምት፣ ጅቡቲ ላይ፣ ይህ ሽታ ባለበት ቤት በሩ ሁልጊዜ ይዘጋ ነበር።

ክረምት ስል ዝናብ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ክረምት ማለት ከበረሃ የሚነሳው ትኩስ ንፋስ አሸዋ ተሸክሞ የሚመጣበት፣ የቆርቆሮ ግድግዳ በእጅ የማይነካበት ጊዜ ነው። የምንኖረው ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እማን ከኮምቦልቻ አምጥቶ እዚያ ያኖራት እሱ ነው። እኔ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እማ ባዶ እጇን ወደ አገሯ መመለስ አፍራ ይሁን መሄጃ አጥታ፣ ጠይቄያት አላውቅም፣ እዚያው ቀረን። የመኖሪያ ካርድ አልነበረንም። የነበራት ከእናቷ የተማረችው ጥልፍ ብቻ ነው።

የምትሠራው የአልጋ ልብስና የትራስ ልብስ ነበር። ካርቲየ 4 ያሉ ልብስ ሰፊዎች ከማሽናቸው ሥር የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ትለቅማለች፤ በቀለም ለይታ፣ በልክ ቆርጣ፣ አቡጀዲ ላይ እየገጣጠመች በእጇ ትሰፋዋለች፤ ከዚያ ትጠልፈዋለች። መጀመሪያ ላይ እንደ አገሯ ወግ መሐሉን ጥጥ ሞልታው ነበር። በዚያ ሙቀት ማን ይገዛታል? አንዲት ሴትዮ እጇን አሳርፋበት፣ ምጣድ እንደነካ ሰው ወዲያው ስታነሳው አስታውሳለሁ። እማ ጥጡን አወጣችና ስስ አድርጋ መሥራት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ለሙሽራም ለወላድም የሚገዙ መጡ። አንዳንድ የአገራችን ሴቶች ግን "ድሪቶ ሻጯ" ይሏት ነበር። ስትሰማ ፊቷ ይለዋወጣል። ድሪቶ ሲቀደድ የሚደረት ነው፣ እኔ ግን ለክቼ ነው የምቆርጠው፣ ትለኝ ነበር ማታ ማታ፣ እኔ ያልኳት ይመስል።

ስለ ራፍል የሰማሁት በዚያው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ካርቲየ 4 ገበያ ዳር መሬት ላይ ዘርግተን ተቀምጠናል። አንድ ልጅ እየሮጠ አለፈና "ራፍል መጣ" አለ። ከጎናችን ያሉት ሴቶች ዕቃቸውን አፍሰው ተነሡ። እማ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው የያዘችውን ያህል ጨርቅ ጎትታ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ገባች። ሰፊው ወደ ጓዳው አመለከታት። ጥቅል ጨርቅ ተደግፈን ተቀመጥን፤ አፌን በመዳፏ ይዛው ነበር፤ መዳፏ አቡጀዲ አቡጀዲ ይሸታል። ስንወጣ የዘረጋነው ሁሉ የለም። አንድ የትራስ ልብስ ብቻ ጎማ ሄዶበት ቀርቷል።

ራፍል በፈረንሳይኛ አፈሳ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ያኔ የሰው ስም መስሎኝ ነበር። ደግሞስ ለምን አይመስለኝ? "ራፍል ዛሬ ካርቲየ 2 ዋለ" ይላሉ። "ራፍል ትናንት ጎረቤቴን ወሰዳት" ይላሉ። ስለዚህ መልክ ሰጠሁት። ረጅም ነው፤ ቦት ጫማ ያደርጋል፤ ወገቡ ላይ ብዙ ቁልፍ አለ። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ያን ሁሉ ሰፈር እንዴት እንደሚያዳርስ ሲያስጨንቀኝ ሰነበተና መኪናው ፈጣን ነው ብዬ ተውኩት። እማን አልጠየቅኋትም። ስሙን ከጠራሁ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እማ ገበያ መቀመጥ ተወች። በሩን ዘግተን፣ በቆርቆሮው ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ትሠራለች። የምንወጣው ጫት ሲገባ ነው። ጅቡቲ ላይ ሰባት ሰዓት ገደማ የጫት መኪኖች ከኢትዮጵያ ይደርሳሉ፤ ጥሩንባቸው ከሩቅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ወደ ጫቱ ይዞራል፣ ፖሊሱም ጭምር። እማ ጥሩንባውን ስትሰማ ነጠላዋን ታደርግና ውሃ እናመጣለን፣ ዳቦ እንገዛለን፣ ከዚያ እየተጣደፍን እንመለሳለን። እኔ ጥሩንባውን የሚነፋው ራፍል ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ምሳ ልበላ ነውና ውጡ ማለቱ ነው ብዬ።

የእማን ሥራ የምትሸጥላት ጎረቤታችን ሃዋ ነበረች። ሶማሌ ናት፤ መንገዱ ዳር ጫት ትሸጣለች። ሶማሌዎች አክስታቸውን እንደሚጠሩት ኢዶ ሃዋ እላታለሁ። ከጫቱ ጠረጴዛ ጎን ሁለት የትራስ ልብስ ትሰቅላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየሳቀች ገባችና ትልቅ ሥራ መጣልሽ አለቻት። አንዲት ሴትዮ ጥልፉን አይታ የማን እጅ እንደሆነ ጠይቃታለች። ልጇን ልትድር ነው። ባሏ የፖሊስ አለቃ ነው። እማ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቆመች። ቤቱን ነገርሻት ወይ አለቻት። ኢዶ ሃዋ ነግራታለች። እማ በኢዶ ሃዋ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ነጭ መኪና በራችን ላይ ቆመ። እኔ የተቆለለው ጨርቅ ውስጥ ገባሁ። ሴትዮዋ ማዳም ፋጡማ ትባላለች፤ ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛ ትናገራለች። ሽቶዋ ክፍሏን ሞላው። አንዱን አልጋ ልብስ አንሥታ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ገልብጣ አየች፤ በጣቷ ክሩን ተከተለች፤ ቋጠሮ ፈለገች። አላገኘችም። ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ያስሚን እንድትጠልፍላት፣ ዳሩ በቁርጥራጭ እንዲገጣጠም፣ ሠርጉ ነሐሴ ላይ እንደሆነ ነገረቻት። እማ "እሺ ማዳም" አለች። እሺ ከማለት በቀር ምን ትላለች?

እማ ያስሚን ጠልፋ አታውቅም። ኢዶ ሃዋ ሴቶች ፀጉራቸው ላይ የሚያስሩትን የያስሚን ጉንጉን አመጣችላት፤ እማ አበባውን አንድ በአንድ ፈታትታ፣ ቅጠሉን ቆጥራ፣ ጨርቁ ላይ በሳሙና ስባሪ ሣለችው። ላቧ እንዳያበላሸው የእጇ አንጓ ላይ ጨርቅ ታስራለች። አንድ ቀን መርፌው ወጋትና ነጩ ክር ላይ አንዲት ጠብታ ደም ወደቀች። ወዲያው ምራቋን ተፍታ በሌላ ክር አሻሸችው፤ የሰው ደም የሚለቀው በራሱ ምራቅ ነው አለችኝ። ለቀቀ። እኔ ግን ራፍል ያቺን ቦታ አሽትቶ እንደሚያገኛት እርግጠኛ ነበርኩ። ሌሊቱን ቦታዋን በጣቴ ሸፍኜ ተኛሁ።

የማዳም ፋጡማ ዘበኛ ሁለት ጊዜ እየመጣ ደረሰ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ሦስቱ ማዕዘን አልቆ፣ አራተኛው ሲጀመር ነጩ ክር አለቀ። ክር የምትገዛልን ኢዶ ሃዋ ነበረች፤ ገዝታ አመጣች፤ እማ ወደ ብርሃኑ ስንጥቅ አስጠግታ አየችውና ወደ ቢጫ ያደላል አለች። ኢዶ ሃዋ ልዩነቱ አልታያትም። እኔም አልታየኝም። ጫት ሲገባ ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ክሩን መርጣ ለመግዛት ጠዋት መውጣት ነበረባት። ነጠላዋን ደረበችና በሩን ከውስጥ ቀርቅሪው፣ አልቆይም አለችኝ።

ተቀምጬ ጠበቅኋት። ብርሃኑ ከስንጥቁ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ውሃው ጀሪካን ሄደ። የጫት መኪኖቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ አለፉ። እማ አልመጣችም። ሽንቴ መጣብኝ፤ በሩን ከፍቼ ልወጣ ፈራሁና እዚያው ሸናሁ። በሩ ሲንኳኳ አልከፈትኩም። ኢዶ ሃዋ ስሜን ደጋግማ ጠራች። ከፈትኩላት። እግሬ ሥር ያለውን አየች፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች ጨርቅ አንሥታ ወለሉን ወለወለች።

"ራፍል ነው የወሰዳት?" አልኳት።

"አዎ" አለች።

እማን መኪና ላይ ስትጫን ያዩ ሴቶች ነግረዋታል። የያዙትን ሰው አንድ ግቢ ያሰባስቡና ሲነጋ ጭነው ድንበር ላይ ያራግፉታል አለችኝ። እኔስ አልኩ። ትንሽ አሰበችና አልጋ ልብሱን አጥፋ አቡጀዲ ውስጥ ጠቀለለችው፣ ራሴ ላይ አስቀመጠችው። በሚኒባስ ሀብታሞች ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ራስ ዲካ ሄድን። የማዳም ፋጡማን ግቢ ከሩቅ አሳየችኝና እሷ ጥግ ላይ ቀረች። ዘበኛው እኔን ካየ ጫት ሻጭ ብሎ ይመልሰኛል፣ አንቺን ግን ከነአልጋ ልብሱ ያስገባሻል አለችኝ። ከገባሁ ራፍል የማይለቀኝ መስሎኝ እጇን አጥብቄ ያዝኩ። አንድ በአንድ ጣቶቼን ፈታች።

ዘበኛው ጥቅሉን ዳበሰና አስገባኝ። ሳሎኑ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንዲያ ያለ ቅዝቃዜ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም፤ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ማዳም ፋጡማ ሶፋ ላይ ናት። ምንጣፉ ላይ አንድ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ተቀምጦ ሐብሐብ ይበላል። አጭር ነው። ራሰ በራ ነው። ቁልፍ የለውም። ግን ባሏ የፖሊስ አለቃ ነው መባሉን ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ እሱ ነው። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

"ጌታ ራፍል" አልኩ፣ "እናቴን ይመልሱልኝ። ክር ልትገዛ ነው የወጣችው።"

ማዳም ፋጡማ በሶማልኛ ነገረችው። ሰውየው ሐብሐቡን ሳህኑ ላይ መለሰና ሳቀ፤ ረጅም ሳቅ አልነበረም። እሷም ፈገግ አለችና "ራፍል የሰው ስም አይደለም፣ የኔ ልጅ" አለችኝ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አልጋ ልብሱን ከራሴ አወረደችና ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ሦስቱ ማዕዘን አብቧል። አራተኛው ላይ የሳሙናው ሥዕል ብቻ አለ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለባሏ አንድ ነገር አለችው፤ ድምፅዋ ጠንከር ያለ ነበር። ሰውየው እጁን ጠርጎ ስልኩን አነሣ። እኔ ለብዙ ዓመት እናቴን ያስመለስኳት እኔ ነኝ እል ነበር። ያስመለሳት ያ ባዶ ማዕዘን ነው።

ጀንበር ስትጠልቅ አንድ ፒክአፕ ግቢው ውስጥ ገባ። እማ ነጠላዋ የለም፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው። ቀኝ እጇን ጨብጣለች። ስታየኝ አልሳመችኝም፤ ክንዴን ይዛ እስኪያመኝ ድረስ ጨመቀችኝ። ጭብጧን ስትከፍት ውስጡ ሁለት ጥቅል ነጭ ክር ነበር።

ማዳም ፋጡማ ሥራውን እዚሁ ጨርሺው አለቻት። ውጭ ብትወጪ ነገ መልሰው ይይዙሻል፣ እኔም ሁለተኛ ማስፈታት አልችልም አለች። ከቤቱ ጀርባ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር፤ ፍራሽ አነጠፉልን፤ የግድግዳ ማራገቢያ ነበረው። እማ በሦስት ቀን አራተኛውን ማዕዘን ጨረሰች። ሠርጉ ሆነ፤ ሴቶቹ አልጋ ልብሱን ከበው ያደንቁ ነበር። በማግስቱ እማ ዕቃዋን ሰብስባ ልንሄድ ነው ብላ ስትናገር፣ ማዳም ፋጡማ እህቴም አይታ ወዳዋለች፣ የሷን ሥሪላት አለች። ከእህቷ ቀጥሎ የአጎቷ ልጅ መጣች። ማዳም ፋጡማም የእጅሽ ዋጋ እኔ ጋ ይቀመጥልሽ አለቻት።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ቀዝቃዛ ውሃ እንደልቤ እጠጣለሁ። የግቢው በር ትልቅ ብረት ነው፤ ዘበኛ አለበት፤ ማንም ሰብሮ አይገባም። በሩ እኛንም እንደማያስወጣን አልታየኝም። እማ ግን ካርቲየ 6 ከነበርንበት ይልቅ እዚያ ቀጠነች። መኪና ሲገባ መርፌዋ ይቆማል። ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ሲያልፍ ትነሣለች፤ እስኪያልፍ ቆማ ትጠብቃለች። ማታ ከመተኛታችን በፊት ፍራሹን ጎትታ በሩ ላይ ታስጠጋዋለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ለንፋሱ ነው አለችኝ። ንፋሱ በዚያ በኩል አይመጣም ነበር።

ማዳም ፋጡማ ወደደችኝ። ልጇ አግብታ ስለሄደች ቤቱ ጭር ብሎባት ይሆናል። ፀጉሬን ታበጥርልኛለች፤ የልጇን ያረጀ ቀሚስ አለበሰችኝ። ሰናይት የሚለው ስሜ አልያዝላት አለና ያስሚን ትለኝ ጀመር። ሻይ አምጪ፣ ጫማዬን አቀብይኝ፣ የእንግዶቹን ሳህን አንሺ። እየሮጥኩ አደርግ ነበር። ስታመሰግነኝ ልቤ ይሞላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። እማ ከጓሮ በር ላይ ሆና "ሰኒ" ብላ ጠራችኝ። ሰምቻታለሁ። ግን አልዞርኩም። እንደገና ጠራችኝ። ያን ጊዜ ወደ እናቴ ሳይሆን ወደ ማዳም ፋጡማ አየሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቁም ብዬ። ማዳም ፋጡማ በአገጯ ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ። እማ ፊት ላይ ያየሁትን እስካሁን ስም ልሰጠው አልችልም። ጓዳ ስንገባ ቀሚሱን በራሴ በኩል አወጣችው፣ አጥፋ አስቀመጠችው፣ የራሴን አሮጌ ቀሚስ አለበሰችኝ። አልተቆጣችኝም። ከዚያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

ሦስት ቀን አልሠራችም። የመጀመሪያው ቀን ማዳም ፋጡማ አሞሻል ወይ አለቻት። ሁለተኛው ቀን ተቆጣች። እኔ ፍራሹ ጥግ ተቀምጬ እማ እባክሽ ሥሪ፣ እባክሽ ሥሪ እላለሁ። መርፌውን አንሥቼ እጇ ውስጥ ላስገባ ሞከርኩ፤ ጣቶቿን አልዘረጋችልኝም። በሦስተኛው ቀን ማዳም ፋጡማ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

"ምን አጎደልኩብሽ?" አለቻት።

"ምንም ማዳም። እንድሄድ ይፍቀዱልኝ።"

"በሩን ከከፈትኩልሽ ነገ ይዘው ይጭኑሻል።"

"ይጫኑኝ። ልጄ ግን ስሟን ሳትረሳ ነው የምንሄደው።"

ማዳም ፋጡማ ወደ እኔ አየች። የምትመታኝ መስሎኝ ራሴን በክንዴ ከለልኩ። በዚያ ቤት ማንም መትቶኝ አያውቅም፤ ግን እንደዚያ አደረግኩ፤ እሷም አየችው። ዞራ ሄደች። ከምሳ በኋላ ዘበኛው መጥቶ በሩ ክፍት ነው አለ። ማዳም ፋጡማ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ የሥራዋን ዋጋ በእጇ ሰጠቻት፤ አልሰሰተችም። ያስሚን ብላ ጉንጬን ነካችኝ። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር፤ ያን ጊዜ የፀሐይዋ ግለት ነው ብዬ ነበር።

ከራስ ዲካ ካርቲየ 6 ድረስ በእግራችን ሄድን። ሚኒባስ መያዝ እንችል ነበር፤ ግን ሚኒባሶቹን ያስቆማሉ ብላ ፈራች። ጫት የሚገባበት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት፤ መንገዱ ላይ ጥላ የለም። አንድ የፖሊስ መኪና ከኋላችን መጥቶ ዝግ አለ። ሞተሩ ከጎናችን እየጎተተ ሲሄድ ይሰማኛል። እማ አልዞረችም፤ እርምጃዋንም አልቀየረችም፤ እጄን የያዘው እጇ ግን በአንድ ጊዜ በረዶ ሆነ። መኪናው አለፈ። አንድ መቶ እርምጃ ያህል ሄደን ግድግዳ ተደግፋ አስታወከች። አፏን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችና ጉዞ ቀጠልን።

በዚያው ሳምንት የቀረውን ቁርጥራጭ ለኢዶ ሃዋ ትታላት፣ ክሮቿንና መርፌዎቿን በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ቲኬት ቆረጠች። ኢዶ ሃዋ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ መስኮቱን ይዛ ቆመች። መንገዱን በሙሉ አንድ ሰው ገብቶ የሚያወርደን ይመስለኝ ነበር። ድንበሩ ላይ ለሚወጣ ሰው ማንም ግድ አልሰጠውም።

በወዲያኛው በኩል፣ በአገራችን፣ አንድ ዳስ ሥር አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መዝገብ ይዞ ተቀምጧል። በአፈሳ የተጫኑት ሰዎች ተሰልፈው ይመዘገባሉ፤ እኛንም ከእነሱ ጋር አሰለፉን። ተራችን ሲደርስ ቀና ሳይል የትኛው መኪና እንዳመጣት ጠየቃት።

"ማንም አላመጣኝም" አለች እማ። "ቲኬት ቆርጬ ነው የመጣሁት።"

ቀና ብሎ አያት። ስሟን፣ የእኔን ስም፣ የተወለደችበትን ጠየቀ። ሥራሽ ምንድን ነው ሳይላት አንድ ነገር ጻፈና ገጹን ሊገልጥ ሲል እማ ምን እንደጻፈ ጠየቀችው።

"የቤት እመቤት።"

ከኋላችን ያሉት ሰዎች መጉረምረም ጀምረዋል። እኔ ቀሚሷን ጎተትኩ። ዩኒፎርም ከለበሰ ሰው ጋር ስትከራከር አይቻት አላውቅም፤ አሁን የሚይዛት መሰለኝ።

"ጥልፍ ሠሪ ነኝ" አለችው። "እንደሱ ብለህ ጻፈው።"

ሰውየው የጻፈውን ሰረዘ፣ ከላዩ ጻፈ፣ መዝገቡንም ወደ እሷ አዞረው። እማ ጎንበስ ብላ ቀስ ብላ አነበበችው። ልክ ነው አለችው፤ ሄድን።